በጉድጓዱ ላይ ያሰርኩት ክር

እማዬ፣

ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው አስቀድሞ ጤና ይጠይቃል። አባባ ፊደል ሲያስቆጥረኝ ያስተማረኝ እንዲያ ነበር። ያንቺን ጤና ከማን እንደምጠይቅ ስለማላውቅ ከቀኑ ልጀምር። ከተለየሽን አሥራ አንድ ወር ተኩል ሆነ። ለሙት ዓመትሽ ሁለት ሳምንት ቀርቷል። ጌሾው ተወቅጧል፣ ብቅሉ ደርቋል፣ ዳና ከበዴሳ ገበያ አንድ ወይፈን ነድቶ አምጥቶ ከበሩ አጠገብ አስሮታል።

በዕለቱ ቄሱ ስምሽን ይጠራሉ፤ እኔም ከሰው ጋር ቆሜ አለቅሳለሁ። በለቅሶ መሃል የማይነገር ጉዳይ ግን አለኝ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ እፈልጋለሁ። ጥያቄውን አስቀድሜ ብጽፈው ወቀሳ ይመስልብኛል። ስለዚህ የሆነውን በየተራው ልንገርሽ፤ ጥያቄውን ከመጨረሻው ታገኚዋለሽ።

መጀመሪያ የምሥራቹን። በመጋቢት አጋማሽ ሴት ልጅ ወለድኩ። አባቷ ዳና ከመንገድ ሲመለስ ትብለጥ አላት። ግንባሯ የአባባ ነው፣ እጇ ግን ያንቺ ነው፤ ጣቶቿ አጫጭር፣ መዳፏ ሰፊ። ስትጠባ ቀሚሴን ጨምድዳ ትይዛለች፤ እንቅልፍ ወስዷትም አትለቅም።

ቤቱ እንዳለ ነው። የሣር ክዳኑን የዳሞታን ተራራ በሚያይበት በኩል አሳድሰነዋል። አንቺ ትቀመጪበት የነበረው ዱካ ከምድጃው አጠገብ አልተነሳም፤ አሁን እኔ ነኝ የምቀመጥበት። ዝቅ ያለ ስለሆነ ለማጥባት ይመቻል። ፈትሌንም አልተውኩም። ጠዋት ጉሙ ሳይነሳ ትብለጥን አጥብቼ አስተኛትና ጥጥ እዳምጣለሁ። ስትነቃ አዝያት እንዝርቱን አሾራለሁ። በመጀመሪያው ሰሞን እንዝርቱ ሲሾር ታለቅስ ነበር፤ አሁን የምታለቅሰው ሲቆም ነው። በሳምንት ሦስት ልቃቂት አደርስ የነበርኩት ሴት ዛሬ አንዱንም በስንት ጭንቅ ነው የምጨርሰው። ዶርዜው ሸማኔ ልቃቂቱን በእጁ መዘን መዘን ያደርግና «ልጂቱ ክር ትበላለች እንዴ?» ይለኛል። ክሩ አንዳንድ ቦታ ወፍራም መሆኑንም ያያል፤ አይናገርም እንጂ። ወፍራም የሆነበት ቦታ ሁሉ እሷ ያለቀሰችበት ነው።

ወጡም እንደዚሁ ነው። ሽሮው ሲንተከተክ ልጅ ካለቀሰች አንዱ ማረሩ አይቀርም፤ ወይ ሽሮው ወይ እኔ። ዳና ያረረውን በልቶ «ጣፍጧል» ይላል። ባል ሲዋሽ ደስ የሚለው በዚህ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ።

አምና በመስከረም፣ እኔ የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ሳለሁ፣ ከጓሮ አራት እንሰት አስጥለሽ ከሁለት ሴቶች ጋር ሦስት ቀን ሙሉ ፋቃችሁ። እኔ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ እፈትል ነበር። አላስጠጋሽኝም። «ሽታው ያቅለሸልሻታል» ብለሽ ለሴቶቹ ነገርሻቸው። ከዚያ በፊትም እንዲሁ ነበርሽ። ጤፍ ሲበጠር ትጠሪኛለሽ፣ እንሰት ሲፋቅ ግን ፊደሌን እንዳጠና ወደ አባባ ትልኪኛለሽ። አባባ የሰሜን ሰው፣ ጸሐፊ ነው፤ ቆጮ አይወድም ነበር። እኔ እወዳለሁ፤ የተጋገረውን ከነትኩሱ በአይብ እበላለሁ። ከጉድጓድ እስከ ምድጃ ድረስ ያለውን ግን አላውቅም ነበር። በዚህ አገር፣ በወላይታ እናት ቤት አድጌ፣ እንሰት ለእኔ የሚበላ እንጂ የሚሠራ ነገር አልነበረም።

ቆጮው የሚብላላበትን ጉድጓድ በእንሰት ቅጠል ደራርበሽ አልብሰሽ፣ የተፋቀውን ጠቅጥቀሽ፣ በቅጠል ሸፍነሽ፣ ሰባት ድንጋይ ጫንሽበት። ከመሃል ያኖርሽው ጠፍጣፋ ነበር። ወገብሽን ይዘሽ ቀና አልሽና፣ ያ ሳል እስኪያልፍልሽ ጠብቀሽ፣ «ይህ ለአራስነትሽ ነው» አልሽኝ። «እኔ በሌለሁበት እንዳትነኪው።»

በኅዳር አንቺ የለሽም። እኔም አልነካሁትም።

ከቀብርሽ በኋላ ሦስት ሳምንት እንደሞላ የዳና እናት ከቤሌ መጡ። በእግር የአንድ ቀን መንገድ መሆኑን ታውቂያለሽ። አንዲት አሮጊት ያን ያህል ተጉዛ ስትደርስ መጀመሪያ የምትሻው መቀመጫ ነው። እሳቸው ግን ወደ ቤት አልገቡም። «እግሬን ልታጠብ» ብለው በቀጥታ ወደ ጓሮ ዞሩ። ቆዩ። ገብተው ራታቸውን በሉ፣ አደሩ፣ በማለዳ ተመለሱ። በሌላው ሦስት ሳምንት እንደገና መጡ። እንደገና እግራቸውን ሊታጠቡ ጓሮ ዞሩ።

እንስራው የሚቀመጠው ከበሩ ጎን ነው፣ እማዬ። ጓሮ ውሃ የለም።

ዳና እንደለመደው በቅሎዎቹን ጭኖ መንገድ ላይ ነበር። የምነግረው ሰው ሳጣ አጥር ለምታዋስነን ለእትዬ በላይነሽ ነገርኳት። አንቺ በሕይወት ሳለሽ ምሥጢር ለእሷ እንዳልነግር ትመክሪኝ እንደነበር አልረሳሁም።

«ሞኝ አትሁኚ አስካለ» አለችኝ፣ አጥሩ ላይ እንደ ደጅ አጋፋሪ ተደግፋ። «ሴትዮዋ አንቺን ልትጠይቅ መሰለሽ? ቤት ልታይ ነው። አባት የለሽ፣ እናት የለሽ፣ ባልሽ ያው ከበቅሎ ኋላ ነው። እንሰትሽን ቆጥራ፣ ጓሮሽን ለክታ ነው የምትመለሰው።»

እኔም ቆጠርኩ። የቆሙት እንሰቶች አልጎደሉም። ወደ ጉድጓዱ ሄድኩ። ድንጋዮቹ ሰባት ናቸው። ጠፍጣፋው ግን ከመሃል ወደ ጠርዝ ሄዷል።

ድንጋይ አይራመድም።

ያን ቀን አንድ ነገር አሰብኩ። ከፈተልኩት ሁሉ የቀጠነውን ክር መርጬ ከወዲህና ከወዲያ ባሉት ሁለት ድንጋዮች ላይ ወጥሬ አሰርኩት። ከሩቅ አይታይም። ሳይበጥሰው ወይም ሳይፈታው ጉድጓዱን መክፈት የሚችል የለም። በጥር አማቴ መጡ፣ «እግሬን ልታጠብ» አሉ፣ አድረው ተመለሱ። ከአጥር ሲወጡ እግሬ እስኪያሳክከኝ ጠብቄ ወደ ጓሮ ሮጥኩ።

ክሩ ደህና ነበር። ጥርጣሬዬ አሳፍሮኝ ልመለስ ስል ቋጠሮውን አየሁ። እኔ እንደ ማንኛዋም ፈታይ አንድ ጊዜ አዙሬ ነው የምቋጥረው። ይኸኛው ሦስት ጊዜ ተቋጥሯል።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አልነበረኝም ብል አላጋነንኩም። ተራ ሌባ ክር በጥሶ ይሄዳል። ፈትቶ፣ ወስዶ፣ መልሶ የሚያስር ግን ነገ ሊመለስ ያሰበ ነው። የወሰዱብኝ ደግሞ ተራ እህል አይደለም። ከእጅሽ ሥራ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። ቤቱን አባባ አሠራው፣ እንስራውን ከገበያ ገዛነው፤ በገዛ እጅሽ ሠርተሽ ለእኔ ብለሽ ያኖርሽው ያ ጉድጓድ ብቻ ነው።

ምጥ በያዘኝ ሳምንት አማቴ አህያ ጭነው መጡ። እንዳዋለዱኝም ሊያርሱኝ ቀሩ። ሰማንያው ቀን ሞልቶ ልጄ ክርስትና እስክትነሳ ከቤት አልወጣም፤ ጓዳውም፣ ምድጃውም፣ ጓሮውም በእሳቸው እጅ ወደቀ። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም። «ተኛ ልጄ፣ አንተ ተኛ፤ እኔ አለሁ» ይሉኛል። ማለዳ የቡላ ገንፎ ከመሃሉ ቅቤ ሞልተው ያቀርቡልኛል። ቀን ላይ ሙቹዋ ይሠራሉ፤ ቆጮውን ጋግረው፣ በቢላ አድቅቀው፣ በተነጠረ ቅቤና በአይብ ያሹታል። እማዬ፣ እውነቱን ልጻፍ፤ ያንቺን ያህል ይጣፍጥ ነበር። እሱም ራሱ አጠራጠረኝ። ከየት የመጣ ቆጮ ነው ያንቺን የሚያህለው?

እሳቸው ግን ከዚያ አይቀምሱም። ለእኔ ጣባውን አቀብለውኝ፣ ከጥግ ተቀምጠው የተቀቀለ ጎደሬ በጨው ይበላሉ። ዓይናቸው ከአፌ አይነሳም። «ብላ፣ ብላ» ይላሉ። ይህንንም ለእትዬ በላይነሽ ነገርኩ፤ ገንፎ ልትጠይቀኝ በየሁለት ቀኑ ትመጣ ነበርና።

«ራሷ የማትቀምሰውን?» አለች፣ የእኔን ገንፎ በማንኪያ እየዛቀች። «ኧረ እኔስ በአፌ አላዞረውም!» ጨርሳ ነው የሄደችው።

ሁለት ቀን ሆዴን አመመኝ ብዬ ምግቡን መለስኩ። በሁለተኛው ቀን ጡቴ ሟሸሸ፣ ልጄ ስታለቅስ ዋለች። አማቴ ትብለጥን ይዘው እየዞሩ በወላይትኛ ያንጎራጉሩላት ነበር። በሦስተኛው ቀን በላሁ፤ ወተቱ ተመለሰ። ይህን ለእሳቸው ምስክር አድርጌ መቁጠር ነበረብኝ። አልቆጠርኩትም። መጠርጠር ከጀመርሽ በኋላ የምታዪው የምትፈልጊውን ነው።

ሌላም ነበር። በየጊዜው፣ በገበያ ቀን፣ ከጓሮ አንድ በቅጠል የተጠቀለለ ነገር በኩታቸው ሥር ሸጉጠው ይወጣሉ። ሲመለሱ እጃቸው ባዶ ነው። ለማን ነው የሚወስዱት?

በስድሳኛው ቀን ገደማ፣ እሳቸው ገበያ ሲወርዱ፣ ትብለጥን አቅፌ፣ አራስ ያለ ብረት አትወጣምና ቢላ ጨብጬ፣ በጓሮ በር ሹልክ አልኩ። ክሩ ሦስት ጊዜ ተቋጥሯል። ጎንበስ ብዬ ከድንጋዮቹ ሥር ያለውን ቅጠል አየሁ። እርጥብ ነው። በመስከረም የተቀበረ ቅጠል በግንቦት ይበሰብሳል እንጂ አይለመልምም። እጅ ከፍንጅ ያዝኳቸው አልኩ በልቤ።

«ኧረ አራሷ!» አለች እትዬ በላይነሽ ከአጥሩ በላይ። «ልጅ በአንድ እጅ፣ ቢላ በአንድ እጅ፣ ማንን ልታርጂ ነው?»

ዳና ከሸዋ የተመለሰው ለክርስትናው አራት ቀን ሲቀር ነበር። ልጁን አቅፎ ሳይጠግባት ነገርኩት። ድንጋዩን፣ ክሩን፣ እርጥቡን ቅጠል፣ ጥቅሉን፣ ሁሉንም በተራ። ሲሰማኝ ቆየና «እናቴ ናት» አለኝ።

«የሞተችው ደግሞ የእኔ እናት ናት» አልኩት።

«እውነት ከሆነ ከክርስትናው በኋላ ወደ ቤሌ እወስዳታለሁ።»

«በኋላ አይሆንም። በፊት። ልጄ ክርስትና ስትነሳ የእናቴን የዘረፈ ሰው በቤቴ አይቆምም።»

ይህን ስል ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ዛሬ የሚያሳፍረኝም እሱ ነው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አማቴን ወደ ጓሮ ጠራኋቸው። እትዬ በላይነሽን ለምስክርነት ጠርቻታለሁ፤ ነጠላዋን ቀይራ ነው የመጣችው። ዳና በቅሎውን ለጉሞ ጭኖ አቁሟል። ከጉድጓዱ አጠገብ ቆሜ «ከእናቴ ጉድጓድ ምን ምን እንደወሰዱ በልጅዎ ፊት ይንገሩኝ» አልኩ።

አማቴ እኔን አዩ። ልጃቸውን አዩ። እትዬ በላይነሽን ደግሞ ከእግር እስከ ራሷ አዩ። ከጓሮው ጫፍ ካለው እንሰት አራት ሰፋፊ ቅጠል ቆርጠው አመጡና መሬት ላይ ዘረጉ። ተንበረከኩ። መጀመሪያ ክሩን ያዙ። ሦስቱን ቋጠሮ በጥፍራቸው ቀስ እያሉ ፈቱት፤ አልበጠሱትም። በጣታቸው ላይ ጠቅልለው ለእኔ አቀበሉኝ። ከዚያ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አነሱ፤ ጠፍጣፋውን በሁለት እጃቸው። ቅጠሉን ገለጡ።

ጉድጓዱ ሙሉ ነበር።

«ሙሉ ነው» አለች እትዬ በላይነሽ፣ ለቅሶ ሊደርስ ሄዶ ሰውየው ድኖ እንዳገኘ ሰው። «እስከ አፉ።»

አማቴ ሥራቸውን ቀጠሉ። በጎን በኩል ያለውን ቅጠል ሳብ አድርገው ጠርዙ መጥቆር መጀመሩን አሳዩ፤ የጠቆረውን ቆንጥረው አወጡ። ከታች ያለውን ወደ ላይ፣ ከላይ ያለውን ወደ ታች ገለበጡ፤ በቡጢያቸው ጠቀጠቁ። አዲሱን ቅጠል አለበሱ። አሮጌውን ቅጠልና የጠቆረውን ጠቅልለው ከጎናቸው አስቀመጡት። በኩታቸው ሥር ይዘውት ይወጡ የነበረው ጥቅል ያ ነበር። ከመንደር አርቀው የሚጥሉት ቆሻሻ።

ዳና የቤሌ ልጅ ነው። ገና ቅጠሉ ሲገለጥ ሁሉም ገብቶታል። ወደ እኔ ዞሮ፣ ሳይቆጣ፣ ነገሩ ገርሞት ብቻ «አስካለ፣ ቅጠሉ በየጊዜው ካልተለወጠ እንደሚበላሽ አታውቂም?» አለኝ።

በእሱ አገር ይህን የማያውቅ የሰባት ዓመት ልጅ የለም። እዚህም የለም። የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ። በባሌና በጎረቤት ፊት፣ ራሴ በጠራሁት ምስክር ፊት፣ እርጥብ ቅጠል የስርቆት ማስረጃ የመሰለኝ ሴት መሆኔ ተገለጠ።

«ያውቃል!» አሉ አማቴ በቁጣ፣ ወደ ልጃቸው ዞረው። «ሁሉን ያውቃል። አራስ ነው፤ አራስ ይረሳል። እሱ ራሱ ነው ለውጥልኝ ያለኝ።»

እሱ ያሉት እኔን ነው። ለውጡልኝ ብዬ አላውቅም። ሌባ ያልኳቸው ሴት፣ እጃቸው እስከ ክንድ ድረስ በቆጮ ተነክሮ፣ እኔን ከኃፍረት ለማዳን ዋሹ። ዳና በቅሎውን ሊያራግፍ ሄደ። እትዬ በላይነሽም ድስት ጥዳ እንደመጣች ድንገት ትዝ አላት።

ሁለታችን ስንቀር ተቀመጥኩ። ከሁሉ ያልገባኝን ጠየቅሁ። «ክሩን ግን ለምን መልሰው ያስሩት ነበር?»

እጃቸውን በቅጠል ጠረጉና ወደ አንገቴ ዘርግተው ማተቤን ነካ አደረጉ። «እናንተ ክርስቲያን አንገት ላይ ክር ያስራል። ለእናትህ ጉድጓድም ማተብ ያሰርክለት መሰለኝ። የሰው ማተብ በጥሼ ብሄድ ኃጢአት አይደለም?» ሦስት ጊዜ ይቋጥሩት የነበረው እንዳይፈታ ፈርተው ነው። ለሌባ ያጠመድኩትን ክር ለነፍስሽ የታሰረ አድርገው፣ እያንዳንዷን ጊዜ ተንበርክከው ያስሩት ነበር።

የቀረውን የነገሩኝ ቀስ ብለው ነው፤ እንዳይነግሩኝ ቃል አስገብተሻቸዋልና። መስቀል ሳይደርስ ሰው ልከሽባቸው በኦቶና መንገድ ላይ ተገናኝታችኋል። «ልጄ እንሰት አታውቅም። ጥፋቱ የእኔ ነው። እኔ ለመጋቢት አልደርስም። በየሦስት ሳምንቱ ገልብጪልኝ፤ በእናንተ ዘንድ እንዳታፍር ለማንም አትንገሪ» ብለሻቸዋል። ስለዚህ ነው እንደ አንድ ተላላኪ የአንድ ቀን መንገድ እየመጡ፣ እግር መታጠቢያ በሌለበት እግር የሚታጠቡት። በአራስነቴ የበላሁትም ያንቺ አልነበረም። ያንቺ ገና ነው፣ ይብሰል ብለው፣ ከራሳቸው ጉድጓድ የከረመውን በአህያ ጭነው ያመጡት ነው። ለአንድ አራስ ብቻ የሚበቃ ነበር። ጎደሬ የሚበሉት ለዚህ ነው።

ያን የኦቶና ቀን አስታወስኩት። እስከ ቁርጭምጭሚትሽ ጭቃ ሆነሽ ገባሽና ምንጭ ወርጄ ነበር አልሽኝ። እንስራ አልያዝሽም ነበር። ያን ጊዜም አይቼዋለሁ፤ አልጠየቅሁሽም።

በክርስትናው ቀን ጉድጓድሽ ለመብል ተከፈተ። አማቴ ጋገሩ፣ እኔ አቀረብኩ። እትዬ በላይነሽ ሦስት ጊዜ አስደገመች። «እኔ መጀመሪያም ሴትዮዋን አመስግኛት ነበር» አለች፤ የሰማት ሁሉ ጎመኑ ላይ አቀረቀረ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸውልሽ። ለምን ለእሳቸው ነገርሽ፣ ለእኔ ሳትነግሪ? አሁን የምጠረጥረው አንቺን ነው። አንዳንድ ጊዜ አባባ የናቀውን በእጄ እንዳልይዝ ፈልገሽ ነው እላለሁ። አንዳንድ ጊዜ፣ ካስተማርሽኝ «ለምን ዛሬ?» ብዬ እንደምጠይቅሽ፣ ያን ጊዜም ልትሞቺ መሆኑን ከፊትሽ እንደማነብ ፈርተሽ ነው እላለሁ። ይህኛው ይበልጥ እውነት ይመስለኛል። እውነት ከሆነ፣ እማዬ፣ ከእኔ የወሰድሽው ሁለት ወር ነው። ሁለት ወር ሙሉ እየተሰናበትሽኝ እኔ ጥጥ እዳምጥ ነበር። ከጉድጓዱ የጎደለ አልነበረም፤ የጎደለኝ ያ ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ ቂም የለኝም። መልስ እንደማይመጣ አውቃለሁ።

ክረምቱ ሲወጣ አማቴን አስተምሩኝ አልኳቸው። አዬ ነው የምላቸው አሁን፣ በቋንቋቸው እናት ማለት ነው፤ አንቺን እንዲያ ብዬሽ አላውቅም። ሁለት እንሰት ጥለን ፋቅን። መፋቂያው አውራ ጣቴን ላጠው። «የጸሐፊ ልጅ እጅ» ብለው ሳቁብኝ፤ በቅጠል አሰሩልኝና «ፋቅ» አሉ። አዲሱን ጉድጓድ ስንሞላ ከአንቺው ሁለት ጭብጥ አንስተው ከመሃሉ ጨመሩ። ይህ ካልገባ አዲሱ ደህና አይበስልም አሉ። ያንቺ የቀረው ለሙት ዓመትሽ ለሚመጣው ሰው ይቀርባል፤ እዚያ ላይ ያልቃል። ሁለቱ ጭብጥ ግን በእኔው ውስጥ ነው፤ ከእኔው ላይ ተነስቶ ደግሞ ወደሚቀጥለው ይገባል። ትብለጥ መቆም ስትጀምር ከዚያው ጠርዝ አቆማታለሁ። ቢያቅለሸልሻትም አላርቃትም።

አዬ ወደ ቤሌ ተመልሰዋል። አሁን በየሦስት ሳምንቱ ቅጠሉን የምለውጠው እኔ ነኝ። እሳቸውም አልፎ አልፎ ይመጣሉ፤ ሲመጡም «እግሬን ልታጠብ» ብለው ወደ ጓሮ ይዞራሉ። ድንጋይ ሲነሳ ከቤት ሆኜ እሰማለሁ። ተጠርጣሪዋ እኔ ሆኛለሁ። ገብተው ከተቀመጡ በኋላ ምንም ካላሉ ሥራዬ ደህና ነው ማለት ነው፤ ባለፈው ምንም አላሉም።

ያን ክር አልጣልኩትም። በጣታቸው እንደጠቀለሉት ነበር ያኖርኩት። አዲሱን ጉድጓድ የዘጋን ዕለት ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ወጥሬ አሰርኩት፤ አንዱን እንደ ፈታይ፣ ሁለቱን እንደ እሳቸው። ማንንም ልይዝበት አይደለም። በየሦስት ሳምንቱ ተንበርክኬ ስፈታው ስምሽን እጠራለሁ፣ መልሼ ሳስረውም እጠራለሁ። እስከዛሬ አልበጠስኩትም።

ልጅሽ አስካለ